ጨንቻ ላይ ሌላ፣ አርባ ምንጭ ላይ ሌላ

ልጄ ከአርባ ምንጭ የደወለችልኝ ማክሰኞ ማታ ነው። እኔ የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። «አባዬ፣ መጥተህ ልጅህን ምከርልኝ» አለችኝ። ልጅህን ስትል የራሷን ልጅ፣ የእኔን የልጅ ልጅ ማለቷ ነው። ሲያስቸግራት የእኔ ይሆናል፤ ጥሩ ውጤት ሲያመጣ የእሷ ነው። አያት የሆነ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ልጁ 21 ዓመቱ ነው። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በአውቶ መካኒክ ተመርቆ ሥራ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ፣ ዕቁብ ደረሰውና አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዛ። አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ያስወገዳት ያማሃ ኤጂ 100 ናት። አሁን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጨንቻ ወጥቶ አፕል ይገዛል፤ በኋላና በፊት ባለው የዕቃ መጫኛ አስሮ ያወርድና አርባ ምንጭ ላሉ ጭማቂ ቤቶች ያስረክባል። ለእናቱ የጤፍ ወጪ መደገፍ ጀምሯል። እናቱ ግን እንቅልፍ አጥታለች። «አንተ የተሰበረ ሰው ስትጠግን የኖርክ ሰው ነህ። ያየኸውን ንገረውና ይሽጣት» አለችኝ።

እኔም ተስማማሁ። በድንገተኛ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ሞተር ሳይክል ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ፤ እዚህ አልዘረዝረውም፣ ይህ ጋዜጣ በቁርስ ሰዓት እንደሚነበብ አውቃለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ የምነግረውን እያሰናዳሁ ሻሸመኔን፣ አላባን፣ ሶዶን አለፍኩ። ከሶዶ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ፣ በግራ በኩል አባያ ሐይቅ ቀይ ሻይ መስሎ ሲዘረጋ፣ በቀኝ የጋሞ ተራሮች ደመና ለብሰው ሲቆሙ፣ ያሰናዳሁት ንግግር ከአእምሮዬ ጠፋ። በእነዚያ ተራሮች ላይ የወጣትነቴን አምስት ዓመት አሳልፌያለሁ። ከወረድኩ በኋላ ግን ተመልሼ ወጥቼ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ለልጄም ነግሬያት አላውቅም።

ቤት ስደርስ የልጅ ልጄ በረንዳ ላይ ተንበርክኮ አገኘሁት። ከፊቱ የእናቱ ትልቅ የእንጀራ ትሪ አለ፤ በላዩ ካርቡሬተር ፈርሶ፣ ብሎኖቹ በመስመር ተደርድረዋል። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጉልበቴን ሳመኝና «አባባ፣ ጥሩ ጊዜ መጣህ፤ ዓይንህ አሁንም ያያል?» አለኝ። ከዚያ ከሽንብራ ብዙ የማይበልጥ የነሐስ ብሎን መዳፌ ላይ አስቀመጠ።

ጂግለር ይሉታል መካኒኮች። መሐሉን ለመሐል የተበሳ ነው፤ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ የሚሄደው በዚያች ቀዳዳ ተለክቶ ነው። መነጽሬን አድርጌ ወደ ብርሃን አነሳሁት። በጎኑ ቁጥር ተቀርጾበታል። የልጅ ልጄ ሦስት አዳዲስ ገዝቶ በባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጧል፤ ቁጥሮቻቸው በአምስት በአምስት ይለያያሉ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይጠባል። ይህን ሲነግረኝ ሳቅሁ፤ በእኛ ሙያ ተቃራኒ ነውና። የመርፌ ቁጥር ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል፤ 23 ከ21 ይቀጥናል። ተማሪዎቼን ስንት ጊዜ ያሳሳታቸው ነገር ነው።

«ይኸውልህ አሮጌው» ብሎ ከሞተር ሳይክሏ ያወጣውን አሳየኝ። ከእሱ በፊት የነበረው ሰው ቀዳዳው ሲደፈንበት በሽቦ እየጎረጎረ አስፍቶታል። በላዩ የተጻፈው ቁጥር አንድ ነው፣ የሚያሳልፈው ቤንዚን ግን ሌላ። «ጂግለር በሽቦ አይጸዳም አባባ። በቤንዚን ታጥቦ በንፋስ ይነፋል እንጂ።» ቃሉን እንደ አስተማሪ ረገጥ አድርጎ ሲናገር እናቱ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ዓይኗ «ጀምር እንጂ» ይላል። እኔ ግን ትሪው ላይ የቀረውን አየሁ።

ሁሉም ነገር ስም አለው። ተንሳፋፊው አለ፤ እንደ ሽንት ቤት ታንከር ተንሳፋፊ ቤንዚኑ ሲሞላ ተነስቶ መግቢያውን ይዘጋል። የሚኒሞ ጂግለር አለ፤ ሞተር ሳይክሏ ቆማ ስታንኮራፋ የምትመገበው በእሱ ነው። «መርፌም አላት» አለኝ፤ ረጅም ቀጭን ዘንግ ነው፣ ነዳጅ ሲሰጣት ከትልቁ ጂግለር በላይ ወደ ላይ እየተነሳ መንገዱን ያሰፋዋል። መጨረሻው ሲደርስና ነዳጁ ሙሉ ሲከፈት ግን የሚወስነው ትልቁ ጂግለር ብቻ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ ትዝ ያለኝ የግሉኮስ ገመድ ነው። ከላይ ጠርሙስ፣ መሐል ላይ ጠብታው የሚታይበት ክፍል፣ ከታች መቆጣጠሪያው። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው ብለን ሰዓት ይዘን እንቆጥር ነበር።

«ታዲያ ሦስት ጂግለር ምን ይሠራል? አንዱ አይበቃም?» አልኩት፤ መልሱን እያወቅሁ።

«አይበቃም አባባ። ጨንቻ ላይ ሌላ፣ አርባ ምንጭ ላይ ሌላ ነው።»

ለአንባቢዎቼ፣ በተለይ ለእናቶች፣ እኔ በገባኝ መንገድ ላስረዳ። ኦ አር ኤስ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል። ያንኑ ፓኬት በግማሽ ሊትር የበጠበጠች እናት ልጇን ታስጠማዋለች፤ ጨውና ስኳሩ ይበረታበታል። ሞተርም እንዲሁ ነው። ቤንዚን የሚቃጠለው ከአየር ጋር በልኩ ሲደባለቅ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ። ልዩነቱ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ጂግለሩ ግን ተራራ መውጣቱን አያውቅም፤ ያንኑ ፓኬት ይጨምራል። ውኃው አነሰ ማለት ነው። ሞተሩ በቤንዚን ይታፈናል፣ ይጨሳል፣ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ለደጋ ጠበብ ያለ ጂግለር ይደረግለታል።

እናቶች ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልጋቸውም ብዬ ነበር። ያስፈልጋቸዋል። ምክንያቱም ዋናው አደጋ ያለው ከታች ነው። በደጋ የተደረገውን ጠባብ ጂግለር ሳይቀይሩ ቆላ ከወረዱ አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ያንሳል። ቤንዚን ያነሰው እሳት ደግሞ አይቀዘቅዝም፤ ይብሳል። እንደ ኤጂ 100 ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር፣ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር አብሮ በሚቃጠልበት፣ ፒስተኑ ይግልና ያብጣል። ካበጠ በኋላ የሚሆነውን ወደፊት እነግራችኋለሁ።

በዚያ ምሽት «ቅዳሜ አብሬህ ጨንቻ እወጣለሁ» አልኩት። ልጄ የያዘችውን ሲኒ አስቀመጠች። «አባዬ፣ እኔ የጠራሁህ እኮ...» አለችና ዝም አለች። አብሬው ሳልሄድ ልመክረው አልችልም አልኳት። እውነትነት ነበረው፤ ሙሉው እውነት ግን አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሳን። ከጎረቤት ሁለተኛ ሄልሜት ተዋሰልኝ፤ የሄልሜቱን ማሰሪያ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ፈተሽኩት፣ የእሱንም። ቤንዚን ሌላ ጣጣ ነው። ማደያው ሰልፍ ስለነበረው ብዙዎች በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር ይገዛሉ፤ የልጅ ልጄ ግን ዋዜማውን ተሰልፎ ቀድቷል። «የጠርሙሱ ውኃ ይኖረዋል፣ ኬሮሲን ይቀላቀልበታል፤ ከታች ካርቡሬተሩ ውስጥ ይተኛል» አለኝ። ልጁ ቸኩሎ የሚገዛ ዓይነት አለመሆኑን ያኔ ልብ አልኩ።

ከሲቀላ ወጥተን የሶዶን መንገድ ያዝን። በሁለቱም ወገን ሙዝ ነው፤ አየሩ ገና በጠዋቱ ይወብቃል። ጥቂት እንደተጓዝን ወደ ግራ ታጥፈን ዳገቱን ጀመርን። ያን ዳገት የወጣ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ጠመዝማዛ ሲያልቅ ሌላው ይቀበላል፤ ወደ ኋላ ዞር ሲሉ አባያና ጫሞ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ሆነው፣ በመሐላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉት ጋራ ተጋድሞ ይታያሉ። ሙዙና ማንጎው ወደ ኋላ ይቀራል፣ እንሰት ይተካል። ቀርከሃ ይመጣል። ወባም ከታች ይቀራል፤ በእኛ ጊዜ ጨንቻ ላይ በወባ የሚመጣልን አብዛኛው ሰው ቆላ ለሥራ ወርዶ የተመለሰ ነበር። መጀመሪያ የምንጠይቀው ጥያቄ «ወርደህ ነበር?» የሚል ነው።

ከግማሽ በላይ እንደወጣን ሞተር ሳይክሏ ድምፅዋ ተለወጠ። የልጅ ልጄ የአርባ ምንጩን ጂግለር ሳይቀይር ነው የተነሳው፤ በኋላ እንደገባኝ ሆን ብሎ፣ ለእኔ ለማሳየት። ነዳጁን ሙሉ ሲከፍተው ድምፁ እንደ መንተባተብ አለ፤ ጢሱ ከኋላችን ወፈረ። ሁለት ሰው መጫኗም አለ፣ እኔ ደግሞ ከጡረታ ወዲህ አልቀለልኩም። አንድ ኩርባ ላይ፣ መንገዱ ሰፋ ባለበት፣ ጥግ ይዞ አቆማት። ለእርሻ ቦታ የተሠራች ናትና በግራም በቀኝም ማቆሚያ እግር አላት፤ ካቴናዋም ጭቃ እንዳይነካው በሽፋን ተዘግቷል። ይህን ሁሉ ያለ እሱ ማብራሪያ አውቀው ነበር።

መጀመሪያ ካንዴላውን ፈትቶ አሳየኝ። ጫፉ እንደ ምጣድ ጥላሸት ጥቁርና እርጥብ ነው። «ጤነኛ ሲሆን የማኪያቶ ቀለም ነው። ነጭ ከሆነ ደግሞ ግሏል፣ ነዳጅ አንሶታል።» እኛ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጠን ደም ማነስ እንደምናየው መሆኑ ነው።

ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። የቤንዚኑን መዝጊያ ዘጋ። ካርቡሬተሩን የያዘውን አላልቶ ዞር አደረገው። ከሥሩ ያለችውን ጽዋ አራት ብሎን በካቻቢቴ ፈትቶ በውስጧ የቀረውን ቤንዚን በትንሽ ጣሳ ተቀበለ፤ መሬት ላይ አላፈሰሰውም። ተንሳፋፊውን በጣቱ እንዳይነካው ተጠንቅቆ ትልቁን ጂግለር ፈታ፤ ከጠርሙሱ ጠባቡን አውጥቶ በጣቱ እያዞረ አስገባ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ በመፍቻ ጠበቅ አደረገው። «ነሐስ ነው፤ በኃይል ከታሰረ ጥርሱ ይበላል» አለ። የወጣውን ሰፊ ጂግለር ለእኔ ሰጠኝ። «አባባ፣ አንተ ያዘው። ስንወርድ ትሰጠኛለህ።»

በመዳፌ ይዤው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩት።

በ1978 ዓ.ም. ጨንቻ ጤና ጣቢያ ነበርኩ። ባለቤቴና ልጄ አርባ ምንጭ ነበሩ፤ ልጄ፣ የዛሬዋ እናቱ፣ የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። የክትባት ፕሮግራም በአገራችን ከተጀመረ ጥቂት ዓመት ነው። ክትባቱን በየወሩ በበረዶ መያዣ ሳጥን ከአርባ ምንጭ እናመጣለን፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት፣ ከዚያ ካለፈ ዋጋ የለውም። የምንሄደው እንዲህ ባለች ኤጂ 100 ነው። እኔ እነዳለሁ፣ አንድ የክትባት ሠራተኛ፣ የጨንቻ ልጅ፣ ከኋላዬ ሳጥኑን ይዞ ይቀመጣል። ጎበዝ ተራማጅ ነበር። ሞተር በማይደርስበት ቀበሌ ሳጥኑን በትከሻው አንግቶ ገደሉን የሚወርድና የሚወጣው እሱ ነው።

ሞተር ሳይክሏ ጨንቻ ላይ አልጎተት ስትል ከተማው ውስጥ ሬዲዮም፣ ልብስ መስፊያም፣ ሞተርም የሚጠግን ሰው ነበር፤ ጠባብ ጂግለር አደረገላት። በረረች። ደስ አለን። ሰፊውን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝና «አርባ ምንጭ ስትወርዱ ይህን መልሱ» አለኝ። ሦስት ወር ያህል በየወሩ ስወርድ ዳገቱ ሥር እያቆምኩ ቀየርኩት። በአራተኛው ወር አልቀየርኩትም። ቀትር ነበር፤ ልጄ በር ላይ ቆማ እንደምትጠብቀኝ አውቃለሁ፣ እጄንም በቤንዚን መንከር አልፈለግሁም። ስመለስ ያው ጠባቡ ነው የሚያስፈልገኝ፣ ለዚህች ለሜዳዋ ምን ያለፋኛል አልኩ።

ሜዳው ላይ ነዳጁን ሙሉ ከፍቼ ስጋልብ ሞተሩ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ፒስተኑ ያዘ። ፒስተን ሲይዝ የኋላ ጎማ ይቆለፋል። ፍሪሲዮኑን ወዲያው ብጨብጥ ጎማው ይለቀቅ ነበር፤ ጣቶቼ ግን መያዣው ላይ አልነበሩም። እኔ እግሬ ተላጠ። እሱ የቀኝ ጉልበቱ በሳጥኑና በመሬቱ መካከል ገባ። ከዚያ በኋላ ጉልበቱ በሙሉ ታጥፎ አያውቅም። በዚያ ወር የሁለት ቀበሌ ሕፃናት ሳይከተቡ ቀሩ። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «በሞተር ብልሽት ምክንያት» ይላል። በወረቀት የተጠቀለለው ጂግለር ኪሴ ውስጥ ነበር።

የልጅ ልጄ ካቻቢቴውን እንደያዘ ዝም ብሎ ሰማኝ። «ሰውየው አለ?» አለኝ መጨረሻ ላይ።

«አላውቅም። ካርድ ክፍል ተመድቦ እንደነበር ሰምቻለሁ። እኔ በሚቀጥለው ዓመት ተዛወርኩ።»

«እንጠይቃለን» አለና መቀስቀሻውን ረገጠ።

ሞተር ሳይክሏ ዳገቱን በሌላ ድምፅ ወጣችው። ዶርዜ ስንደርስ ጉም ወረደብን። እንደ ዝሆን ፊት የቆሙት የቀርከሃ ቤቶች ጭንቅላታቸው ብቻ ይታያል። እነዚህ ቤቶች ከሥር ምስጥ ሲበላቸው በየዓመቱ ያጥራሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ በጣም ረጅም ተደርገው ይሠራሉ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ተነስተው ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራሉ። ከደጃፉ ላይ የሸማኔ መወርወሪያ ድምፅ ይሰማል። ብርዱን ረስቼው ነበር፤ ጋቢ አለመያዜ ቆጨኝ። ልጄ ያዝ ብላኝ ነበር።

ጨንቻ በአንድ ወቅት የጋሞ ጐፋ ዋና ከተማ ነበረች፤ መቀመጫው ወደ አርባ ምንጭ ከወረደ በኋላ ከፍ ብላ ብቻዋን ቀረች። ዛሬ ብዙ ቤት ተጨምሮባታል። የማውቀውን የጤና ጣቢያ በር ፈልጌ አጣሁት። በየጓሮው የአፕል ዛፍ አለ፤ በእኔ ጊዜ አፕል በሽተኛ የሚጠየቅበት የፈረንጅ ፍሬ ነበር።

የልጅ ልጄ አፕል የሚገዛቸው ሰዎች ገና ጠይቀን ሳንጨርስ ቤቱን አሳዩን። «አንካሳው የካርድ ክፍል ሰውዬ» አሏቸው፤ በቅንነት ነው፣ ለእኔ ግን ቃሉ ከብዶኝ በሩ ላይ ትንሽ ቆምኩ።

ከቤታቸው ደጅ በፀሐይ ተቀምጠው ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ፤ ቀኝ እግራቸው ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። «ሳሮ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ መጀመሪያ እኔን ሳይሆን ሞተር ሳይክሏን ነው ያወቋት። ከዚያ «ዶክተር!» ብለው ጮኹ። ዶክተር አይደለሁም፣ ነርስ ነኝ፤ ጨንቻ ላይ ግን መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነበር፣ እሳቸውም ይህን እያወቁ እየቀለዱብኝ ነው የሚጠሩኝ የነበረው። ተቃቀፍን። ያኔ አንተ የምለው ወጣት ነበር፤ አሁን ግን ሽበታቸውን አይቼ አንቱ አልኩ፤ እሳቸውም ወዲያው ተዉት አሉኝ።

ቆጮ በዳጣ ቀረበ፤ ዳጣው እንደ ድሮው ዓይን ያስለቅሳል። ባለቤቱ ልጆቻቸውን በስም በስም ነገረችኝ፤ አንደኛዋ አዋላጅ ነርስ ናት። የልጅ ልጄ ምክንያት ፈጥሮ ወደ ጓሮ ወጣ። እኔም ዓይኔን ቀርከሃው ላይ ተክዬ ነገርኩት። ጂግለሩ ኪሴ ውስጥ እንደነበረ፣ ሰውየው መልሱ እንዳለኝ፣ ያልመለስኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሪፖርቱ ውስጥ ያንን አለመጻፌን።

እሱ ቢላውን አስቀመጠ። «አውቃለሁ» አለኝ።

«እንዴት?»

«ሲነግርህ አጠገብህ ቆሜ አልነበር? እኔም ሰምቻለሁ። በየወሩ ስታቆም እኮ ጣሳውን የምይዝልህ እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ሳታቆም ስታልፍ ትከሻህን ልነካህ እጄን አነሳሁ። ከዚያ እኔም ተርቤ ነበር፤ ዝም አልኩ።» ጉልበቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ያለ ሪፖርት ስንት ዓመት ነው ስጠብቅህ የነበረው መሰለህ? እኔን ፍለጋ ሳይሆን ሞተሯን ልትጎበኝ መጣህ እንዴ?»

ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ ተነስቼ ጉልበቱን በእጄ ዳሰስኩት፣ እንደ ሙያዬ። ለማጠፍ ሞከርኩ፤ ግማሽ ድረስ መጥቶ ቆመ። እንዲህ ባለ ጉልበት 39 ዓመት ይህን ገደል ወጥቶ ወርዷል። ጨንቻ ላይ ሜዳ የለም።

ከመሄዳችን በፊት የልጅ ልጄን ጠራውና ጆሮውን ይዞ የሆነ ነገር ነገረው። ምን እንዳለው በኋላ ስጠይቀው «ሁለት ጣት ሁልጊዜ ፍሪሲዮኑ ላይ ይሁን አሉኝ» አለ። የከፈልነው ለአንድ ሳጥን ነው፤ ሁለት ሳጥን አፕል ጫኑልን።

እኔ በሚኒባስ ልውረድ ብዬ ነበር፤ ሁለት ሳጥንና አንድ አያት ለአንዲት አሮጌ ሞተር ይበዛሉ። የልጅ ልጄ ቀድሞኝ ወረደ። ዳገቱ አልቆ ከዋናው መንገድ ጋር በሚገናኘው ላይ ረዳቱን አስቁሜ ወረድኩ። እዚያው ዛፍ ሥር ሞተር ሳይክሏን አቁሞ፣ ጃኬቱን አንጥፎ፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቀኛል። ሙቀቱ ዓይን ያጨልማል። አርባ ምንጭ ትንሽ ነው የቀረን።

ከደረት ኪሴ ሰፊውን ጂግለር አውጥቼ ሰጠሁት። ጽዋዋን ሲፈታ ጣሳውን እኔ ያዝኩ። አንዷ ብሎን አመልጣ አሸዋው ውስጥ ወደቀች፤ ሁለታችንም ተንበርክከን በጣታችን ስንፈልግ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት።

«አባዬ፣ እንዴት ሆናችሁ? ነገርከው?»

«ነገርኩት።»

«እሺ አለ? ይሸጣታል?»

የልጅ ልጄ ብሎኗን አግኝቶ በሸሚዙ እየጠረገ ያየኛል።

«ቡናውን አቅርቢው» አልኳት። «ጂግለር እየቀየርን ነው፤ አሥር ደቂቃ እንዘገያለን። ማታ ሦስታችንም ቁጭ ብለን አንድ የማጫውታችሁ ነገር አለኝ።»